የአራስ ልጅ እትብት እስኪወድቅ እንዴት ይያዛል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልጅ ሲወለድ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ገንፎው ይገነፋል፣ ምክሩም ይዥጎደጎዳል። «እትብቱን ቅቤ ቀቢው፣ ቶሎ ይወድቅለታል» የሚል አይጠፋም። ከፍቅር ነው፣ ግን እሺ አትበሉ። ቅቤም፣ ቫዝሊንም፣ አመድም እትብት ላይ አይደረግም። የተቆረጠው ቦታ ገና ያልዳነ ቁስል ነው። በውስጡ ያለፉት የደም ሥሮች ወዲያው ድርቅ ብለው ስለማይዘጉ፣ እዚያ የገባ ጀርም ወደ ልጁ ደም ለመድረስ መንገዱ አጭር ነው። መንጋጋ ቆልፍም ጨቅላውን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በዚሁ በኩል ነው።

ስለዚህ ከእርግዝና ጀምሩ። በክትትል ጊዜ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዳችሁን አረጋግጡ፤ የእናትየው ክትባት ልጁንም ይጠብቀዋል።

ከምጡ በፊት አዋላጇን ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። አንደኛው፣ እትብቱ መቼ ይቆረጣል? ልጁ ደህና ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ደቂቃ እንዲጠበቅ ይመክራል፤ በዚያች ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ተጨማሪ ደም ስለሚያልፍለት በኋላ የደም ማነስ እንዳይዘው ያግዘዋል። ሁለተኛው፣ በእትብቱ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ስንት ናቸው? በተለምዶ 3 ናቸው፦ 2 ደም ቅዳ እና 1 ደም መልስ። ከ100 ልጆች ምናልባት አንዱ ላይ ደም ቅዳው 1 ብቻ ይሆናል። አብዛኞቹ እንዲህ ሆነው የተወለዱ ልጆች ጤነኞች ናቸው፤ ግን አንዳንዴ ከኩላሊት ወይም ከልብ አፈጣጠር ችግር ጋር ስለሚመጣ ሐኪም ልጁን ረጋ ብሎ ይየው።

ቤት ስትገቡ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እትብቱን አትንኩ። ዳይፐሩን ወይም ጨርቁን ከእምብርቱ በታች እጠፉት፣ ሽንት እንዳይነካው። የደሴ ብርድ ልጅን ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ያስመኛል፣ ይገባኛል፤ ኮፍያ አድርጉለት፣ ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ እቀፉት፣ ሆዱን ግን አትሰሩት፣ አየር ያግኝ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ስለሚያልበው ልብሱን ቀለል አድርጉለት። ገላውን የሚታጠበው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። እትብቱ ከቆሸሸ በንጹሕ ውኃና ሳሙና ጠርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ በቃ።

ጤና ባለሙያ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ጀርም ገዳይ ቅባት ከሰጣችሁ በታዘዘው መሠረት ተጠቀሙ። ቅባቱ ለእትብት ብቻ ነው! የዓይን ቅባት መስሏቸው ዓይን ላይ አድርገውት ልጆች ተጎድተዋል። ለየብቻ አስቀምጡት፣ ለሚያግዟችሁም ንገሩ።

አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ጠቁሮና ደርቆ ራሱ ይወድቃል። በክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቢታይ እንኳ አትጎትቱት። ሲወድቅ ጠብ ጠብ የምትል ትንሽ ደም አታስደንግጣችሁ። እትብቱን ለመቅበር የሚጠባበቁ አያቶች አሉ፤ ደስ የሚል ልማድ ነው፣ ጉዳትም የለውም፣ እስኪወድቅ ይታገሡ እንጂ። 3 ሳምንት አልፎትም ካልወደቀ አሳዩት።

አሁን ዋናው። በየቀኑ በብርሃን የምታዩት እትብቱን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ነው። መቅላቱ ወደ ሆዱ ከተስፋፋ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ደሙ አልቆም ካለ፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ዝልፍልፍ ካለ፣ ነገን አትጠብቁ። ጨቅላ ልጅ በሰዓታት ውስጥ ሊብስበት ይችላል። ሌሊት ቢሆንም ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ኮምቦልቻ ያላችሁ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ለመድረስ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ይታይ፤ ሪፈር የሚያስፈልገው ከሆነ የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ተወግቶ ይነሳል። መንገድ ላይ ደረታችሁ ላይ አሙቁት፣ መጥባት ከቻለም ጡት አትከልክሉት።