ከቼካችሁ ተቆርጦ የቀረ ታክስ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ የድምፅ መልእክት ገባልኝ። የጎረቤታችን ልጅ ናት። አሜሪካ ከገባች ዓመት አልሞላትም። «ጋሼ፣ አሠሪዬ ከቼኬ ላይ የሚቆርጠውን ታክስ ለመንግሥት አያስገባም አሉ። እኔን ይጠይቁኝ ይሆን?» ትላለች። ድምጿ ውስጥ ፍርሃት አለ።

አቦ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ አልኳት። እኔም ወደ ድሬ ከመመለሴ በፊት እዚያ ስሠራ ይሄው ደርሶብኛል። ለእሷ የነገርኳትን አዲስ ለገባችሁ ሁሉ ልጻፈው።

እዚህ ከምናውቀው እንነሳ። ድሬ ውስጥ የግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። አሜሪካም ሐሳቡ ያው ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና መድን) 1.45 በመቶ ከእናንተ ይቆረጣል። አሠሪው ያንኑ ያህል ከራሱ ኪስ ያስገባል። የገቢ ግብር ደግሞ ለብቻው አለ። ለጡረታ 40 ክሬዲት፣ ማለትም በሥራ የሚጠራቀም ነጥብ፣ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው። ስለዚህ ቢያንስ 10 ዓመት መሥራት ይጠይቃል። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ያቺ የወር ገንዘብ ቤታችንን እንዴት እንዳቆመች ስላየሁ፣ ይሄን ነገር በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ከቼካችሁ የተቆረጠው ገንዘብ የአሠሪው አይደለም። ሕጉ እንደ አደራ ነው የሚቆጥረው። አደራውን ከበላ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን እያወቀ ያላስገባውን ባለቤት ወይም ኃላፊ በግሉ ሊጠይቀው ይችላል፤ ያልተከፈለውን አደራ በሙሉ። ድርጅቱ ቢዘጋም ሰውየው አያመልጥም። እናንተ ግን የገቢ ግብሩ እንደተቆረጠባችሁ ካሳያችሁ፣ እንደከፈላችሁ ይያዝላችኋል።

«ካሳያችሁ» ያልኩት ላይ ቆም በሉ። ማሳያው ፔይ ስታብ ነው፤ የተከፈላችሁንና የተቆረጠባችሁን የሚዘረዝር፣ ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ወረቀት። እናቴ የውሃና የመብራት ደረሰኝ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። እኔም በልማድ ፔይ ስታቤን እንደዚያው አጠራቅም ነበር። የመጀመሪያው አሠሪዬ ሱቁን ዘግቶ ሲጠፋ ያዳነኝ ያ ቆርቆሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሠሪ ደብልዩ-2 የሚባለውን የዓመት ወረቀት እስከ ጃንዋሪ 31 መስጠት አለበት። ካልሰጣችሁ መጀመሪያ ጠይቁት፤ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። ፌብሯሪ አልቆም ካልመጣ አይአርኤስ ጋ ደውሉ፤ ቁጥሩ 800-829-1040 ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ፣ የሠራችሁበትን ጊዜ ይዛችሁ ደውሉ። እነሱ አሠሪውን ያነጋግሩታል። ያኔም ካልመጣ ፎርም 4852 አለ፤ የደብልዩ-2 ምትክ ነው። ከመጨረሻው ፔይ ስታባችሁ ላይ ቁጥሮቹን ወስዳችሁ ሞልታችሁ ከታክስ ሪተርናችሁ፣ ከዓመታዊ የግብር ማስታወቂያችሁ ጋር ትልካላችሁ። የእኔ ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ግን መጣ።

ሁለተኛው ችግር ሌላ ዓይነት ነው። አሠሪው ምንም ሳይቆርጥ ካሽ ይሰጣችኋል፣ ወይም ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው በሚሰጠው ፎርም፣ በ1099 ይከፍላችኋል። እጃችሁ ላይ ብዙ ስለሚገባ ደስ ይላል። ነገር ግን በ1099 ሲሆን ራሱን እንደቻለ ነጋዴ ስለምትቆጠሩ የአሠሪውንም ድርሻ ጨምራችሁ 15.3 በመቶ ትከፍላላችሁ። ሰዓታችሁን እሱ የሚወስን፣ ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩ እሱ የሚያዝ ከሆነ፣ እናንተ ተቀጣሪ እንጂ ነጋዴ አይደላችሁም። ፎርም ኤስኤስ-8 አስገብታችሁ አይአርኤስ እንዲወስን ጠይቁ። ከፎርም 8919 ጋር ደግሞ የራሳችሁን ድርሻ ብቻ ነው የምትከፍሉት። በካሽ የተከፈላችሁትንም በሪተርናችሁ አሳውቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቀበላችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ።

በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱ። በየዓመቱ የተመዘገበላችሁን ገቢ ያሳያል። የጎደለ ዓመት ካያችሁ ቶሎ አሳውቁ። በመደበኛው ደንብ ማስተካከል የሚቻለው ደመወዙ ከተከፈለበት ዓመት በኋላ እስከ 3 ዓመት፣ 3 ወር ከ15 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚፈቀደው ለተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ነው።

አሁን ከባዱን ላንሳ። ብዙ ጊዜ አሠሪው የሀገር ልጅ ነው። ከኤርፖርት ተቀብሏችሁ፣ ሥራ ሰጥቷችሁ ሊሆን ይችላል። እሱን መክሰስ ነውር ይመስላል። ይሉኝታው ይገባኛል፤ እኔንም አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አሰኝቶኛል። ውለታው እውነት ነው፣ ምስጋናም ይገባዋል። የጡረታችሁ ገንዘብ ግን የውለታ መክፈያ አይደለም። ቀርባችሁ አነጋግሩት፤ አንዳንዱ የሒሳብ ሠራተኛው ያበላሸውን እንኳ አያውቅም። እምቢ ካለ ለአይአርኤስ መጠቆሚያ ፎርም 3949-ኤ አለ። ስማችሁን ሳትጽፉም መጠቆም ይቻላል። ውጤቱን ግን አይነግሯችሁም።

በመጠቆማችሁ ምክንያት ቢያባርራችሁ ወይም ሰዓት ቢቀንስባችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ይከላከልላችኋል። በ180 ቀን ውስጥ ለኦሻ፣ ለሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ አቤት ማለት አለባችሁ። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ፣ ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ሲኖር በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚረዱ የግብር ክሊኒኮች አሉ። እነሱን ሳትጠይቁ ለማንም ብዙ ብር አትክፈሉ።

ልጅቷ ትናንት የስድስት ወር ፔይ ስታቧን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን ሸፍና፣ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የሁለት ሳምንቱ የለም። እሱን ከባንክ ወረቀቷ እየፈለግን ነው።