የፕሮሞቶራ ሥራ፦ በር ከማንኳኳት እስከ ክሊኒክ ቀጠሮ

አሜሪካ ውስጥ በላቲኖ (ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች) ሰፈሮች የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛዋ «ፕሮሞቶራ» ትባላለች፤ ወንድ ሲሆን «ፕሮሞቶር»። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ፕሮሞቶራ ሰፈሩ የሚያውቃት፣ ቋንቋውን የምትናገር፣ የቤት ኪራዩንና የፈረቃ ሥራውን ጣጣ የምታውቅ ጎረቤት ናት እንጂ የነርስ ምትክ አይደለችም። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች «ኮንፊያንሳ» የሚሉት መተማመን ዋና መሣሪያዋ ነው። እሱ ከጠፋ የቀረው ሥልጠና ሁሉ ዋጋ የለውም።

የምስክር ወረቀት ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቴክሳስ በ8 የክህሎት ዘርፎች፣ ለእያንዳንዱ 20 ሰዓት፣ በድምሩ 160 ሰዓት ሥልጠና ይሰጣል፤ በየ2 ዓመቱ ሲታደስ ደግሞ 20 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠየቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲ-ካል ከጁላይ 2022 ጀምሮ ለዚህ አገልግሎት ይከፍላል። ፕሮሞቶራ ለመሆን ከመመዝገብዎ በፊት የስቴትዎን ደንብ ይጠይቁ።

በሥራ ቀን ጠዋት በር ማንኳኳት ትርፉ ድካም ነው፤ እርሻና ግንባታ የሚሠሩት ጎህ ሳይቀድ ወጥተዋል። አመሻሽ ላይ ይሂዱ። ወረቀት የታቀፈ እንግዳ በር ላይ ሲቆም ብዙ ቤተሰብ ኢሚግሬሽን መስሎት ድምፁን ያጠፋል። ስለዚህ መታወቂያዎ ከሩቅ ይታይ፣ ፎርሙ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ ስምዎን፣ ክሊኒኩንና የመጡበትን ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ። ታላላቆችን «ኡስቴድ» (እርስዎ) ይበሉ፤ ከማያውቁት ሰው አፍ የሚወጣ «ቱ» አንተ የመባልን ያህል ይከብዳል። ቡና ከቀረበ ይቀበሉ። ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቁ፤ ራሳቸው ቢነግሩዎትም አይጻፉት። ያልተጻፈ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ላቲኖ ሁሉ ስፓኒሽ አፉን የፈታበት አይምሰልዎ። ከሜክሲኮዋ ኦዋሃካ የመጣ ሚሽቴኮ፣ ከጓቲማላ የመጣ ማም ወይም ኪቼ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ጥያቄ «ሲ፣ ሲ» (አዎ፣ አዎ) የሚል መልስ ከመጣ እዚያው ቆም ይበሉና የስልክ አስተርጓሚ ይጥሩ። ልጅን አያስተረጉሙ፦ የከበደውን ቃል ይዘላል፣ የእናቱንም ሕመም ተሸክሞ ያድራል።

የደም ግፊት ሲለኩ የሚበላሸው በአብዛኛው በጥድፊያ ነው። ከልኬቱ በፊት ባለው 30 ደቂቃ ውስጥ ቡናም ሲጋራም መኖር የለበትም (የቀረበልዎትን ቡና እርስዎ ይጠጡ፣ ተለኪው ይቆይ)። ሰውየው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹን ሳያጣምር መሬት አስረግጦ 5 ደቂቃ በዝምታ ይቀመጥ። ክንዱ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የመለኪያው ማሰሪያ በባዶ ቆዳ ላይ ይጠቅለል። በልብስ ላይ የታሰረ፣ ለክንዱ የጠበበ ወይም ወሬ እያወሩ የተለካ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከ1 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፤ ሁለቱንም ይመዝግቡ። ላይኛው ከ180 ወይም ታችኛው ከ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአካል መዛል ወይም የእይታ መደብዘዝ ካለ ወደ ድንገተኛ እርዳታ ቁጥር 911 ይደውሉ። ምልክት ከሌለ በዚያው ቀን ለክሊኒኩ ያሳውቁ።

መድኃኒትን በተመለከተ «የሐኪም መድኃኒት ይወስዳሉ?» ማለት አይበቃም። «ሲያምዎት የሚወስዱትን ሁሉ ያሳዩኝ» ይበሉ። ብዙዎች ስኳር በሽታ የመጣብኝ ከድንጋጤ፣ ከ«ሱስቶ» ነው ይላሉ። አይከራከሩ፤ መቼ እንደጀመረ ይጠይቁበት። ሊጠነቀቁት የሚገባው ለሕፃን ሆድ መታሰር፣ «ኤምፓቾ» ለሚሉት ሕመም የሚሰጠው «ግሬታ» ወይም «አሳርኮን» የተባለው ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት ነው፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት። ዱቄቱን የሰጠችውን አያት አያሳፍሩ። ዱቄቱ እንዲቆም ያስረዱና ልጁ በቶሎ የደም እርሳስ ምርመራ እንዲያገኝ ያድርጉ። የሐኪምን መድኃኒት መጠን ግን እርስዎ በፍጹም አይቀይሩ።

ስልክ ቁጥር ጽፎ መስጠት ሰውን ክሊኒክ ማድረስ አይደለም። አብረው ተቀምጠው ድምጽ ማጉያው ላይ አድርገው ይደውሉ። ኢንሹራንስ ለሌለው ገቢው ታይቶ ዋጋ የሚቀንሰውን በፌዴራል መንግሥት የሚደገፍ ጤና ጣቢያ ይፈልጉ፤ መክፈል አልቻልክም ብሎ አይመልስም። የገቢ ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያደርሳቸው፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ ከስልኩ በፊት ይወሰን። በዋዜማው ያስታውሱ፣ ከቀጠሮው በኋላ በ2 ቀን ውስጥ ይደውሉ። «ገባዎት?» ሳይሆን «ቤት ሲደርሱ ክኒኑን እንዴት እንደሚወስዱት ለባለቤትዎ እንዴት ይነግሯቸዋል?» ይበሉ፤ ስህተቱ ያኔ ይወጣል።

ስለ መኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ሲጠየቁ ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ይላኩ እንጂ ወደ «ኖታሪዮ» አይደለም። በላቲን አሜሪካ ብዙ አገሮች ኖታሪዮ የሕግ ባለሙያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ፊርማ ከማረጋገጥ ያለፈ ሥልጣን የለውም፤ በዚህ ስም ብዙ ቤተሰብ ተዘርፏል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሰሙ ወደ ቀውስ መርጃ መስመሩ 988 ደውለው ለስፓኒሽ 2ን ይጫኑ፤ ሰውየውን ብቻውን አይተዉት።

ቀጣሪ ድርጅቶችም ሥራውን የሚያበላሹበት መንገድ አለ፦ የቀኑን ውጤት በተንኳኳ በር ብዛት መቁጠር። ያኔ ፕሮሞቶራዋ ቡናውን ሳትጨርስ ትነሳለች፣ ግሬታውም መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ይልቅ ቀጠሮው ላይ የተገኙትን ይቁጠሩ፤ ነዳጇንና የስልክ ካርዷን ይክፈሉ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ከነርስ ጋር ተቀምጣ የከበዷትን ቤቶች በየተራ የምታነሳበት ጊዜ ይስጧት።