ከጉዳት በኋላ ስብ ለማቃጠልና ሰውነት ለማጠንከር ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጄሶው ተፈቷል። ክራንቹ ጥግ ይዟል። ሐኪሙም «አጥንቱ በደንብ ይዟል» ብለዋል። ያኔ ዓይን ወደ ቦርጭ ይሄዳል። ሱሪው አልዘጋ ይላል፣ ጠያቂውም «ተመችቶሃል!» ማለት ይጀምራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ ከነገ ጀምሮ ሩጫ።

እዚህ ጎንደር ከባጃጅ ወድቆ እግሩ የተሰበረውም፣ ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትም፣ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን የተጎዳውም እንዲህ ሲል እሰማለሁ። ፍላጎቱ ደስ ይላል። የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በተኙባቸው ሳምንታት ስብ ብቻ አልጨመሩም፤ ጡንቻም አጥተዋል። ጡንቻው ሳይመለስ ስብ ለማጥፋት መጣደፍ መልሶ አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

«ድኛለሁ» ማለትን «ጠንክሬያለሁ» ከማለት ጋር ማምታታት

የአዋቂ ሰው አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይገጥማል። እንደ ቅልጥም ያለው ትልቅ አጥንት ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ጡንቻ ግን ሥራ ሲፈታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ መመንመን ይጀምራል። በተለይ የጭን የፊት ጡንቻ ቶሎ ይከሳል። ከጉልበትዎ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ሁለቱንም ጭኖች በሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ይዘገያል። የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ጡንቻው «እችላለሁ» በሚልበት ጊዜ ጅማቱ ገና ሊሆን ይችላል። ግድግዳ አጠገብ ሆነው በአንድ እግር ይቁሙ። በጤነኛው እግር የቆሙትን ያህል በተጎዳው መቆም ካቃተዎት ሩጫው ይቆይ።

ከተማችን አቀበትና ቁልቁለት መሆኗን መርሳት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ደልዳላ መንገዷም ትንሽ ነው። ወደ ጎሃ ወይም ወደ ቁስቋም የሚወጣ ሰው ትንፋሹ ሲቆራረጥ «ስቡ እየነደደ ነው» ብሎ ይደሰታል። ልክ ነው፣ አቀበት ጥሩ ስፖርት ነው። ጉዳቱ ያለው መመለሻው ላይ ነው። ቁልቁለት ስንወርድ የጭን ጡንቻ ሰውነታችንን እንደ ፍሬን ይይዛል። ያ ጡንቻ ከከሳ ሸክሙ ጉልበት ላይ ያርፋል። በማግስቱ ጉልበቱ አብጦ የሚነሳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ሲወርድ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደልደል ያለ ቦታ ይምረጡ፤ የኳስ ሜዳ ዙሪያ ወይም ወደ አዘዞ በኩል ያለው ዝርግ መንገድ ይሆናል። በ10 ደቂቃ እርምጃ ይጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። አቀበት ሲጨምሩ በእግርዎ ይውጡ፣ በባጃጅ ይውረዱ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ጉልበትን ማዳን ነው። 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ሳያነክሱ ከሄዱ፣ በማግስቱም እብጠት ከሌለ፣ ያኔ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ መሞከር ይቻላል። ክረምት ላይ ዝናብ ያጠበው ኮብልስቶን ያዳልጣል፤ ገና ያልጠነከረ ቁርጭምጭሚት ይዘው በጨለማ አይውጡበት።

ሲት አፕ ቦርጭ ያጠፋል ብሎ ማመን

አያጠፋም። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ከላዩ ያለው ስብ ግን ከመላ ሰውነት ጋር ነው የሚቀንሰው፣ ከየት መጀመር እንዳለበትም እኛ አናዘውም። ሆድን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በሁለት ቱታ ማላብም እንደዚያው ነው። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል።

የተጎዳውን እግር ፈርቶ መተው

ይህ ከሩጫው ጥድፊያ ተቃራኒ ነው፤ ጉዳቱ ግን አያንስም። ሰው ሳያውቀው ክብደቱን ሁሉ በጤነኛው እግር ይሸከማል። ወራት አልፈውም ያነክሳል።

መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡና በእጅዎ ሳይደገፉ ይነሱ፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ክብደቱ በሁለቱም እግር እኩል መሆኑን በመስታወት ይዩ። ሲቀልዎት ዝቅ ወዳለ ወንበር ይሂዱ። ለቡና የሚቀመጡባት አጭር በርጩማ መጨረሻ ላይ ናት። ከእሷ ያለ ሕመም፣ ሳይደገፉ ከተነሱ ጭንዎ በእርግጥ እየተመለሰ ነው። ለላይኛው አካል ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ማንሳት ይበቃል። ጅም የግድ አይደለም።

ጉልበቱን የተጎዳ ሰው ስለ ስግደትም ማሰብ አለበት። በሁዳዴ ደጋግሞ መስገድ ለጉልበት ከባድ ሥራ ነው። ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለሕመምተኛ መላ አላቸው።

የአልጋ ቀለብን አለማቆም፣ ወይም ጨርሶ መራብ

በአገራችን የተሰበረ ሰው በገንፎ፣ በቅቤና በአጥንት ሾርባ ይታከማል። ፍቅር ነው፣ በጊዜውም ይጠቅማል። ግን ሰውየው ተነስቶ ከሄደም በኋላ ገንፎው አይቋረጥም። እናትን ማስቀየም ከባድ ነው፤ ቢሆንም «እማዬ፣ ቅቤውን ቀንሽልኝ፣ እንቁላሉን ጨምሪልኝ» ማለት ይቻላል።

ሌላው ደግሞ እራት ትቶ በሎሚ ውሃ ይውላል። ይህኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ሰውነት ሲራብ የሚበላው ስብ ብቻ ሳይሆን ያንኑ የከሳ ጡንቻ ጭምር ነውና። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ መቀነስ በቂ ነው። ጡንቻ እየገነባ ላለ ሰው በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። የኩላሊት ችግር ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጾም እንቅፋት አይደለም። እንቅፋቱ ጾሙን በፓስታ፣ በዳቦና በድንች ብቻ ማሳለፍ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ባቄላ ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ወጡ ይወፍር፣ እንጀራው ይቀነስ። ዘይቱን ግን በዓይን አይገምቱ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ቡናውንም ይቁጠሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሆነ 36 ግራም ስኳር ገባ ማለት ነው። ጠላና ጠጅም ከሒሳቡ አይወጡም።

ሚዛን ብቻ ማመን

ጡንቻ ሲመለስና ስብ ሲወርድ ኪሎው ባለበት ሊቆም ይችላል። ወገብዎን በእምብርት ትክክል በሜትር ይለኩ፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት፣ ሳይበሉ።

ማስታገሻ ውጦ ስፖርት መሥራት

ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ወስዶ መሮጥ አደገኛ ነው። ሕመሙ የሚናገረውን ዝም ማሰኘት ነው። ሕመምዎን ከ10 ይገምቱ። እስከ 3 ድረስ ከሆነና እስከ ማግስቱ ጠዋት ከበረደ ይቀጥሉ። ከዚያ ካለፈ ወይም መገጣጠሚያው ካበጠ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ያበጠን ጉልበት ለወጌሻ ሰጥቶ ማሳሸትም ጉዳት ያባብሳል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ሕክምና አለ፤ እዚያ ታይቶ ለራስ ጉዳት የሚስማማ እንቅስቃሴ መማር ይሻላል።

እግርዎ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ባትዎን ይከታተሉ። የአንዱ እግር ባት ካበጠ፣ ከጋለና ካመመዎት ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና አያሹት፤ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ደግሞ አንድም ደቂቃ ሳይቆዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።