የጠዋቱ ወተት ከስልክ ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ በራሱ እንዲገባ እንዴት ይደረጋል?

ሱሉልታ ላይ ወተት የሚሰበስብ ሰው ጠዋት ፋታ የለውም። የአንዱ ሳይለካ ሌላው ይደርሳል። ውሃ መቀላቀሉን የሚያሳየው መለኪያ፣ ላክቶሜትር፣ ይነከራል፣ ሊትር ይለካል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። ማታ ደግሞ ያው ደብተር ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። ስህተት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። 7 የነበረው 1 ይሆናል፣ የአንዷ ወተት በሌላ ሰው ስም ይያዛል። ይህ የሰው ገንዘብ ነው። መገልበጡን ማስቀረት ይቻላል፦ ስልክ ላይ ፎርም ይሞላል፣ ስራን በራሱ የሚያስኬደው የማይክሮሶፍት አገልግሎት፣ ፓወር አውቶሜት፣ ደግሞ የተሞላውን ተቀብሎ ኢንተርኔት ላይ ባለ ኤክሴል ውስጥ አዲስ ረድፍ ይጨምራል።

የስራ ወይም የትምህርት ቤት የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋችኋል። ያላችሁ አንድ ፎርም ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አትድከሙ፤ ማይክሮሶፍት ፎርምስ ራሱ መልሶቹን በኤክሴል ይሰጣችኋል። ፓወር አውቶሜት የሚጠቅመው ሱሉልታና ሰንዳፋ የየራሳቸው ፎርም ኖሯቸው ሁሉም ወደ አንድ ሰንጠረዥ እንዲገባ ስትፈልጉ፣ ወይም ሂሳብ የምትሰሩበት የራሳችሁ ፋይል ካለ ነው።

ከሰንጠረዡ ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እሱ ላይ ነው። ርዕስ ጽፎ ቀለም መቀባት ለኤክሴል ሰንጠረዥ አይደለም። ፋይሉን በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻዎች፣ ዋንድራይቭ ወይም ሼርፖይንት ላይ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ረድፍ የአምዶቹን ስም ጻፉ፦ መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ስም፣ ስልክ፣ ጠዋት ወይም ማታ፣ ሊትር፣ የላክቶሜትር ንባብ። ከዚያ አካባቢውን መርጣችሁ ‹ኢንሰርት› ከሚለው ውስጥ ‹ቴብል›ን ተጫኑ። ርዕስ አለው የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን እዩ። ለሰንጠረዡ አጭር ስም ስጡት። የአምዶቹን ስም በኋላ አትቀያይሩ፤ ፓወር አውቶሜት አምዱን የሚያውቀው በስሙ ነው።

የስልክ አምዱን ቀድማችሁ ‹ቴክስት› አድርጉት። ካልሆነ ኤክሴል እንደ ቁጥር ይቆጥረውና በ09 የሚጀምረው ስልክ ዜሮውን ያጣል።

አሁን ማይክሮሶፍት ፎርምስ ላይ ፎርሙን ስሩ። ጥያቄዎቹ ከአምዶቹ ጋር ይግጠሙ። ስም አይጻፍ፣ ከዝርዝር ይመረጥ። አለበለዚያ ያው ሰው አንድ ቀን ‹ኃይሉ›፣ ሌላ ቀን ‹ሀይሉ› ሆኖ ሂሳቡ ለሁለት ይከፈላል።

ፓወር አውቶሜት ውስጥ ‹ክሪኤት› ብላችሁ ‹አውቶሜትድ ክላውድ ፍሎው›ን ምረጡ። መነሻው ‹ዌን ኤ ኒው ሪስፖንስ ኢዝ ሰብሚትድ› ነው፤ ፎርማችሁን ስጡት። ቀጥሎ ‹ጌት ሪስፖንስ ዲቴይልስ›ን ጨምሩ። እሱ ከሌለ የመልሱ ቁጥር ብቻ እንጂ የተሞላው ነገር አይመጣም። በመጨረሻ ከኤክሴል ኦንላይን ቢዝነስ ‹አድ ኤ ሮው ኢንቱ ኤ ቴብል›ን አምጡ። ፋይሉንና ሰንጠረዡን ስትመርጡ አምዶቻችሁ ይዘረዘራሉ፤ በየፊታቸው የፎርሙን መልስ አስገቡ። የሰንጠረዡ ስም ካልወጣ ወደ ፋይሉ ተመለሱ፤ ‹ቴብል› የሚለው ሳይደረግ ቀርቷል ማለት ነው።

ሰዓቱ ላይ ረጋ በሉ። ፎርሙ የሚያስተላልፈው ሰዓት የዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ጠዋት 12፡30 የተቀበላችሁት ወተት 3፡30 ተብሎ ይመዘገባል። ያየው ሰው ‹ረፋድ ላይ ነው የመጣው፣ አርፍዷል› ሊል ይችላል። ረድፉ ከመጻፉ በፊት ‹ኮንቨርት ታይም ዞን› የሚለውን ጨምሩና መድረሻውን ናይሮቢ አድርጉት፤ የእኛም ሰዓት እሱው ነው። ያኔ 6፡30 ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጠዋት ወይም ማታ የሚለውን ጥያቄ ፎርሙ ውስጥ ያስገባነው ማንም እንዳይምታታበት ነው።

የኢትዮጵያን ቀን ከፈለጋችሁ ለብቻው አምድ ስጡት፣ ወሩንም በስሙ ጻፉ። ጳጉሜን 5 ቀን 2017ን 5/13/2017 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ወርን በሚያስቀድም ኤክሴል ግንቦት ውስጥ ያለ የፈረንጅ ቀን ይሆናል። ስህተት የሚል ምልክትም አይሰጣችሁም።

ጠዋት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሞላ ረድፎች እንዳይጋጩ፣ በመነሻው ‹ሴቲንግስ› ውስጥ ‹ኮንከረንሲ ኮንትሮል›ን ከፍታችሁ ቁጥሩን 1 አድርጉ። መልሶቹ ተራ ይጠብቃሉ። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መነካካትም ለሌላ ሰዓት ይቆይ።

መብራት ቢጠፋም ስራው አይቆምም፤ የሚሰራው በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ነው። ፎርሙን ለመላክ ግን ስልኩ ዳታ ይፈልጋል። ስለዚህ ደብተሩን አትጣሉት፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ እሱ ላይ ይጻፍና ሲመለስ ይሞላ።

ወተት ከመቀበላችሁ በፊት በሐሰት ስም ሞክሩት። ረድፉ ካልገባ ‹ራን ሂስትሪ› የቱ ጋ እንደቆመ ያሳያችኋል። በመለያ ቁጥሩ አምድ ላይ የፎርሙን ‹ሪስፖንስ አይዲ› አስገቡ። ፎርማችሁ ከአንድ በላይ ከሆነ ከቁጥሩ ፊት የቦታውን ስም ጨምሩ፤ እያንዳንዱ ፎርም ከ1 ስለሚጀምር የሱሉልታና የሰንዳፋ ቁጥር ሊገጥም ይችላል። ሂሳብ ስትዘጉ የአንድ ፎርም አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ካገኛችሁ የደገመው ፓወር አውቶሜት ነው፤ አንዱን ሰርዙ። ቁጥሩ ተለያይቶ ስሙም ሊትሩም አንድ ከሆነ ግን ሰው ሁለቴ ልኮ ይሆናል፣ ወይም ባለወተቱ በእርግጥ ሁለት ጊዜ አምጥቷል። ያንን ረድፍ ሳትጠይቁት አትሰርዙ።