ብቻችሁን ኮረብታ ስትወጡ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ ቁረጡ

ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ የለመደ በመሆኑ፣ ለጉዞ ስኮትላንድ ሄዶ 251 ሜትር ብቻ ከፍታ ያለውን የኤደንብራውን አርተርስ ሲት ኮረብታ ሲያይ ቢንቀው አይፈረድበትም። ሆኖም እዚያ የሚያሳስበው ትንፋሽ ሳይሆን ብርሃንና እግር ነው።

በወሎ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቀኑ ያጥርብናል ብለን አንሠጋም፤ በኤደንብራ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የዕለቱን መጥለቂያ ሰዓት ተመልከቱ፤ ጫፉ ላይ ባትደርሱም እንኳ ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ፊታችሁን ወደ ታች መልሱ። ይህን ውሳኔ ከታች ሆኖ መወሰን ይቀላል፤ ጫፉ ከታየ በኋላ ልብ እሺ አይልም።

ጫፉ አካባቢ ያለው ጥቁር ድንጋይ የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት ሲሆን፣ በተጓዥ እግር ብዛት እንደ ወፍጮ መጅ ልሟል፤ ካፊያ ሲነካው ደግሞ ክፉኛ ያንሸራትታል። ስትወርዱ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ጥቂት እጠፉ፣ እጃችሁንም ከኪስ አውጡ። መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ወደ ኋላ ዞራችሁ ፎቶ አንሡ፤ ሲወርዱ የሚታየው መልክ ሲወጡ ከታየው የተለየ ነውና።

ለምታርፉበት ቤት ሰዎች የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልካችሁን በውስጥ ኪስ ያዙ፤ የድንገተኛ ጥሪው ቁጥር 999 ወይም 112 ነው።