በጅማ ዋልካ ላይ ሰው ሰራሽ ሳር ለማንጠፍ፦ ከውሃው መውጫ ጀምሩ

ደንበኛ ሲደውልልኝ ቀድሞ የሚያነሳው የሳሩን ቁመት ነው፤ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን ወይስ 4። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ዝናብ ሲጥል የግቢው ውሃ በየት በኩል ይወጣል? «ይሰርጋል» ካለኝና ቦታው በአዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ ያለው ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ሳሩን ገና አይግዙ እለዋለሁ። ወደ ጅሬን ዳገት ስትወጡ ቀዩ አፈር ውሃ ያሳልፋል። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ግን ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች።

ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው፣ ዛሬም ይቆጨኛል። የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ካፌ ግቢ ነበር። ዋልካውን 25 ሳንቲ ሜትር ቆፈርኩ፣ ጠጠር ሞላሁ፣ ጠቀጠቅኩ፣ ሳሩን ዘረጋሁ። በጥር ሁሉም አማረለት። ሐምሌ ላይ ባለቤቱ ጠርተውኝ ስደርስ ወንበሮቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል፣ ሳሩ ሲረገጥ ይንቦጫቦጫል፣ ሽታ አለው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ገንዳ ነው» አሉኝ ሐጂ። እውነታቸውን ነበር፤ ዋልካ ውስጥ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ቆፍሬ በጠጠር ሞልቼዋለሁ። በራሴ ወጪ አንስቼ እንደገና ሠራሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን ፈትኑ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ማታ ውሃ ሙሉት፤ አፈሩ ሌሊቱን ይጥገብ። ጠዋት እንደገና ሞልታችሁ በሰዓት ስንት እንደወረደ በሜትር ለኩ። ዋልካ ላይ ውሃው ካለበት ብዙም አይነቃነቅም። እንዲህ ከሆነ ማስረጊያ ጉድጓድ እንቆፍር የሚላችሁን አትስሙ፤ እሱም ሌላ ገንዳ ነው።

ቀጥሎ ልኬት። ግቢው 12 በ10 ሜትር ነው እንበል። ቁፋሮው 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ በታች በዝቅተኛው ወገን ለቱቦ የሚሆን ቦይ ሲጀምር 30፣ በ12 ሜትር ርዝመቱ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ሲያልቅ 42 ይሆናል። የቦዩ ወለል ከሳሩ ጠርዝ 67 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። የመንገዱ ቦይ 8 ሜትር ርቆ ካለ ሌላ 8 ጨምሩ፤ 75። የመንገዱ ቦይ ከዚህ በላይ ካልጠለቀ ውሃው ወደ ግቢው ይመለስባችኋል። ውሃ በሞላ ስስ ላስቲክ ቱቦ ደረጃውን ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። ካልበቃ አትቆፍሩ፤ ዙሪያውን ከርብ ስቶን ሠርታችሁ ወለሉን ከፍ በማድረግ ውሃው በላይ እንዲንሸራተት አድርጉ።

ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን። ያው ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ የቀን ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል፤ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከዚህ ግቢ የሚወጣው አፈር 30 ሜትር ኩብ ቢመስልም ሲፈታ ወደ 40 ይጠጋል፤ ሲኖ ትራኩን በዚያ አስሉ።

ተዳፋቱን ዋልካው ላይ ራሱ ቅረጹት፤ በ10 ሜትር 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ ይውረድ። ብዙ ሰው ወለሉን ጠፍጣፋ አድርጎ ተዳፋቱን በጠጠር ያወጣዋል፤ ያኔ ላዩ ያምራል፣ ውሃው ግን ከታች ይተኛል። ስፓጎ ወጥሩ፣ አስተካክሉ፣ አፈሩ እርጥበት ይዞ ሳይጨቀይ በሮለር ጠቅጥቁ። ጭቃ ሆኖ ከረገበ አቁሙና ይድረቅ።

ከዚያ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር)፣ መጋጠሚያው 30 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ። ይህን ጨርቅ «ይቅር፣ ወጪ ነው» የሚል ደንበኛ አያጣኝም። ካለሱ ግን ጠጠሩ ዋልካው ውስጥ ይሰምጣል፣ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል። ቦዩ ውስጥ ባለ ቀዳዳ 100 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ በጠጠር ተከቦ ይቀመጣል። በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ዜሮ ሁለት (ተለቅ ያለ) ጠጠር፣ 5 ሳንቲ ሜትር ዜሮ አንድ (አነስ ያለ)፣ ለማለስለሻ ከ2 ያልበለጠ ደቃቅ። ገረጋንቲ አትሙሉ፤ ለመንገድ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ብናኙ ውሃውን ይዘጋዋል። የጣራው አሸንዳ ውሃም በራሱ ቱቦ በቀጥታ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሳሩ ላይ እንዳይወርድ።

ሳሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ጀርባው ላይ የውሃ ቀዳዳ እንዳለው አይታችሁ ግዙ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት፣ የሁሉም ጥቅል ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። መጋጠሚያውን ከሥሩ ማጣበቂያ ጨርቅ አድርጋችሁ በደረቅ ቀን በኮላ ያዙ። ጠርዙን በሚስማር ብቻ አታምኑት፤ ልቅ ጠጠር ሚስማር አይዝም። ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ጠርዝ ሠርታችሁ እዚያ ላይ ለጥፉት። በመጨረሻ ደረቅ የታጠበ አሸዋ በትናችሁ በመጥረጊያ ወደ ፀጉሩ ውስጥ አስገቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሆቴልና ለካፌ ባለቤቶች። ጅማ ውስጥ ቡና ሳይፈላ የሚውል ግቢ የለም፤ ሳሩ ግን ፕላስቲክ ነው፣ አንዲት የከሰል ፍም ከወደቀችበት ቀልጦ ይጠቁራል። ለምድጃውና ለረከቦቱ 2 በ2 ሜትር የሚሆን ሴራሚክ ወይም ኮብልስቶን ከመጀመሪያው አስቀሩ። ቄጠማውም እዚያው ይጎዝጎዝ። ተጠርቼ ሁለት ጊዜ የተቃጠለ ሳር ቆርጬ ተክቻለሁ፤ ጥፋቱ የቡና አፍይዋ አልነበረም፤ ቦታ ያላዘጋጀንላት እኛ ነን።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል እኔ ወደ ሳሩ አልሄድም፤ ጃንጥላ ይዤ የቱቦው ጫፍ ጋ እቆማለሁ። ውሃው ሲወጣ መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ይጠራል። ካልጠራ ጨርቁ የሆነ ቦታ ተቀዷል። ለግቢው ዘበኛም ጫፉን አሳየዋለሁ፤ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ጭቃና ቅጠሉን እንዲጠርግ።