መግለጫው ወጣ፣ ቀኑ ግን አለፈ፦ በሙስሊም የመብት ማኅበራት ውስጥ ያየኋቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ለሙስሊሞች መብት በሚሠራ አንድ ማኅበር በበጎ ፈቃደኝነት ስልክ አነሳ ነበር። ስሙ ይቅር። ከስህተቶቹ ግማሾቹ የኔው ናቸው።

ትልቁ ስህተት ባለጉዳዩን ትቶ መግለጫ መጻፍ ነው። አንዲት እህት ደወለች፤ አለቃዋ «ሒጃብሽን ካላወለቅሽ ነገ እንዳትመጪ» ብሏታል። «አይዞሽ እህቴ፣ ሶብር አድርጊ» አልናት። ማታውኑ ጠንከር ያለ መግለጫ አወጣን፣ ፌስቡክ ላይ ሼር በሼር ሆነ፣ እኛም ደስ አለን። ይህን ያለሽ መቼ ነው ብሎ ቀኑን የመዘገበ ግን አልነበረም። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ግዛቱ ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው እስከ 300 ቀን ሊደርስ ይችላል። የሷ ፋይል እንደገና ሲከፈት ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ ስልክ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ «መቼ?» ይበል፣ ቀጥሎ «ማን ሰማ?»፣ ከዚያ «በቴክስት ወይም በኢሜይል የጻፈልሽ ነገር አለ?»። ማጽናናቱ አይቀርም፣ ግን ወረቀቱን አይተካም።

ሌላው፣ ሕጉን ሳያዩ «የግል ድርጅት ነው፣ ምን ይደረጋል» ማለት። የ1964ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን የግል አሠሪዎችም ይይዛል። አበርክሮምቢ የተባለው የልብስ ኩባንያ በሒጃቧ ምክንያት ያልቀጠራት ወጣት ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። ኩባንያው ለሃይማኖቷ መሆኑን በግልጽ አልነገረችንም ብሎ ቢከራከርም፣ በ2015 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ አልተቀበለውም።

የራስን ጉዳይ ብቻ መከታተልም ያስከፍላል። በ2023 እሁድ አልሠራም ያለ ክርስቲያን ፖስተኛ ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ፣ አሠሪ የሠራተኛን ሃይማኖት ላለማስተናገድ ጥቃቅን ወጪ ምክንያት ማድረግ እንደማይችል ተወሰነ። የጁምዓ ሰላት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙስሊምም የሚጠቀመው ይህንኑ ውሳኔ ነው። እኛ ቢሮ ግን «የኛ አይደለም» ብሎ ያለፈው ይበዛ ነበር።

ኢፍጣሩንማ አታንሱት! በየዓመቱ ቄሱንም የአይሁዶቹን ረቢም እንጠራለን፣ ከፊት ባለው ጠረጴዛ እናስቀምጣቸዋለን፣ እኛ ደግሞ ከኋላ ከዘመዶቻችን ጋር እንቀመጣለን። ንግግር፣ ፎቶ፣ ከዚያ በየቤታችን። አንድ ዓመት ሳህን ሳነሳ ያየሁት፣ አንድ ሽማግሌ ፓስተር ሙሉውን ማታ ያወሩት ከጎናቸው ካለው ሌላ ፓስተር ጋር ነበር። ለዚህማ እኛ ምን አስፈለግን? በጥር 2017 ቪክቶሪያ፣ ቴክሳስ መስጂዱ ሲቃጠል፣ የከተማዋ አይሁዶች የምኩራባቸውን ቁልፍ ለሙስሊሞቹ ሰጥተው እዚያ ስገዱ ብለዋቸዋል። ትንሽ ከተማ ነች፣ ሰዎቹ አስቀድመው ይተዋወቁ ነበር። በ2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች ሲገደሉ ደግሞ ሙስሊሞች በጥቂት ቀናት ከ200,000 ዶላር በላይ አሰባሰቡ። እንግዶቹን በትኖ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም፤ ቢያንስ በሚቀጥለው ወር ማን ለማን እንደሚደውል ይታወቃል።

ምርጫ ሲደርስ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር እጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም፤ ሕጉ ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው። ያለ አድልዎ መራጭ መመዝገብ ይቻላል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ግን አንዱ የቦርድ አባል በማኅበሩ ገጽ ላይ የሚወደውን ሰውዬ ፎቶ ይለጥፋል።

ቦርድ ካልን ደግሞ፣ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2017 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ አዋቂ ሙስሊሞች 20 በመቶዎቹ ጥቁሮች ናቸው። የኛ ቦርድ ውስጥ አንድም አልነበረም። «የሙስሊሙን ማኅበረሰብ ወክለን» የሚል ደብዳቤ ግን በየሳምንቱ እንጽፍ ነበር።

የመጨረሻው መልሶ አለመደወል ነው። ጉዳዩ ሲበላሽ ሰው ያፍርና ዝም ይላል። እኔም ለዚያች እህት የደወልኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። ይቅርታ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች። «ሥራ እንኳ ሌላ አገኘሁ» አለችኝ። «እናንተን ግን ጠብቄ ነበር።»